በአንቺ ጎን የተኛው አሸዋ

ውድ ኢንሻራህ፣ የልጄ የረድዋ እናት፣

ጤናሽን፣ ይልቁንም የጉልበትሽን ነገር ከሩቅ እየጠየቅሁ ይህን የምጽፍልሽ፣ ከወንድምሽ ጋር ከቡሩሉስ ሐይቅ ተነሥተን የባሕሩን ዳር ዳር ይዘን ደሚያት ከገባን በኋላ፣ ጀልባችንን ከቦዩ ጥግ አስሬ፣ ጉሙ ውሃውንና ሰማዩን አንድ አድርጎ ዓሣ አጥማጆቹ በአየር ላይ የሚቀዝፉ በሚመስሉበት በዚህ ማለዳ ነው።

«ሲመጣ ለመኖር ይምጣ፤ እንግዳ ሆኖ ከመጣ ግን በሩን አልከፍትለትም» ብለሽ በወንድምሽ በሰአፋን የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። ጉልበትሽ የጀልባውን መወጣጫ እንቢ ብሎሽ ማታሪያ ከልጃችን ቤት ከገባሽ ወዲህ፣ «ለከርሞ እከተልሻለሁ» እያልሁ ዓመቱን በዓመት የተካሁት፣ ጀልባ ላይ ተወልዶ ጀልባ ላይ የሸበተ ሰው በማይነቃነቅ ወለል ላይ እንዴት ዓይኑን እንደሚከድን ስለማላውቅ እንጂ፣ አንቺን ሳልናፍቅ ቀርቼ አይደለም።

እስካሁን ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። ዕድሜያችንን ሙሉ አንቺ በግራው መደብ፣ እኔ በቀኙ ተኝተን ሚዛኗን የለመደችው ጀልባ፣ የአንቺ ጎን ባዶ ቢሆንባት ወደ እኔ አዘነበለች፤ ትራሴ እየተንሸራተተ፣ የሻይ ብርጭቆዬ እየሸሸኝ እንቅልፍ ባጣሁ ጊዜ፣ ከባሕሩ ዳር አሸዋ በጆንያ ሞልቼ በቦታሽ አስተኛሁት፤ እርሷም ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ በሕልምና በንቃት መካከል ስዋልል፣ ነፋሱ ሸራውን ሲያንሿሿው ትንፋሽሽ እየመሰለኝ፣ «ውሃው ዛሬ ዝም አለ» ብዬ ለጆንያው ያወራሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰአፋን ወደ አንቺ ለምመጣበት ጉዞ ሊያግዘኝ መጥቶ ይህን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሐጂ ሻዝሊ፣ እህቴን በጆንያ ለወጥካት?»

«ለሚዛን ነው።»

«ይሄን ብትሰማ እየዳኸችም ቢሆን መጥታ ነው የምታንቅህ። ደግሞ አወፈርካት!»

«ጆንያው ቢያንስ አያንኮራፋም» አልሁት፤ ይቅር በይኝ።

ትናንት ከቀትር በኋላ የቦዩ ውሃ ጎድሎ ጀልባይቱ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። በረጅሙ መግፊያ እንጨት ብንገፋት፣ ወገባችን እስኪቆረጥ ብንታገላት፣ ወይ ፍንክች።

«አሸዋውን ጣለውና ትቅለል» አለ ሰአፋን።

«እሱን ተወው።»

«አሸዋ እኮ ነው፣ ሰውዬ። የትም ሞልቷል።»

«ተወው አልኩህ። መረቡን አውርድ።»

«መረቡን? ነገ በምን ልታጠምድ ነው? በጢምህ?»

በትንሽ ታንኳ የሚያልፉ ወጣት ባልና ሚስት ጠራሁና፣ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ የከበደውን፣ አንቺም ስንት ጊዜ ቀዳዳውን የጠገንሽውን መረብ ሁሉ አሸከምኋቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ «አባባ፣ መቼ እንመልስልዎት?» ብትለኝ፣ «አትመልሱልኝ» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ያን ጊዜ ጀልባይቱ ከእንቅልፏ እንደምትነቃ ሁሉ ቀስ ብላ ተነቃነቀችና ተንሳፈፈች፤ ሰአፋንም ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሰጥቶ አሸዋውን ካስቀረ፣ ለመወሰን ስፈራው የኖርሁትን ነገር እጆቼ ቀድመውኝ ወስነውታል ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሰአፋን በአውቶቡስ ይዞልሽ ይቀድመኛል፤ እኔ በማታሪያው ሐይቅ ሸምበቆ መካከል፣ ነጫጭ ወፎች በጉሙ ውስጥ እየመሩኝ፣ ከጆንያዬ ጋር ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ። አሸዋውን፣ ዝናብ ሲጥል እግርሽን እንዳያዳልጥሽ፣ ከደጃፍሽ ጭቃ ላይ አፈስሰዋለሁ። በግራ በኩል እንደ ወትሮሽ አንቺ ተኚ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምድሪቱ አልነቃነቅ ብላ እንቅልፍ የነሣችኝ እንደሆነ፣ እጅሽን ትከሻዬ ላይ አኑረሽ ቀስ ብለሽ ወዝውዢኝ።

ለመኖር የሚመጣው፣
ሻዝሊ