ከበሩ ጀርባ የነበረው ድንጋይ

ትእዛዙ፣ ሳላገኝህ ወጣሁ።

መምሬ ቢምረው ከደሃና መጥተው ነበር። «መረዋችን በደህና ደረሰች ወይ?» ሲሉኝ ነው የገባኝ። እስኪወስዱት አደራ ተቀብለህ ከበሩ ጀርባ ያስደገፍከው ጠፍጣፋ ድንጋይ ለካ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው።

ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ድንጋይና መስታወት እንደምቆርጥ ታውቃለህ፤ አቧራውን አብረን ነው የምንውጠው። ያን የመሰለ ለጥ ያለ ድንጋይ ሳይ፣ መስታወት የምሞርድበት ያመጣህልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠርዙን ቆረጥኩት። የመቁረጫው ዲስክ ሲነካው ጮኸ፤ ጥሩ ድንጋይ ነው አልኩ።

አሁን በገመድ አንጠልጥዬ ብመታው እንደ ግንድ ድም ይላል እንጂ አይጮኽም። ቁራጩን በሙጫ መልሼ አጣበቅሁት፤ ያው ነው።

ለመምሬ ምንም አልነገርኳቸውም። ውሃ ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ነገ ጧት አህያ ይዘው ሊወስዷት ይመጣሉ።

ባልዲው ውስጥ የመስታወት ስባሪ አለ፣ እጅህን እንዳትከት። የመቁረጫውን ገመድ ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ።

ወንዝ ወርጃለሁ። የሚጮኽ ድንጋይ ባገኝ ብዬ እያንኳኳሁ ነው የምውለው። እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ቤት መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?
እኔስ አንድ ቃል ብጠይቅህ።

ሳልመለስ ከመጡ አንተው አስጭናቸው።
ብቻ መምሬ «እስቲ ድምጿን አሰማን» ያሉህ እንደሆነ፣ ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

ንጋቱ