ለፌንጣ የገዛሁት ቀሚስ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ወገብሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ግን ከአንገቴ በታች ያለውን ነው። ጭንቅላቴ ሰሞኑን የኔ አይደለም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ተውኩት። በስልክ ከሆነ እጮኽብሻለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ መልሼ አባባይሽ እኔው እሆናለሁ፤ ነገሩም እንደ ልማዳችን ተሸፋፍኖ ይቀራል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ተቀምጠሽ አንብቢው። ቆመሽ እንዳታነቢ፣ አደራ።

በዕረፍት ቀኔ የት እንደምውል ታውቂያለሽ። እዚህ ያሉት ጓደኞቼ ፀጉር ቤት ይሄዳሉ፣ ወይ እስኪበቃቸው ይተኛሉ። እኔ የልጆች ልብስ ቤት ነኝ። ከበሩ ስገባ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሲቀበለኝ የሳምንቱ ድካም ከትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ቸኩዬ አልገዛም። መጀመሪያ ሁሉንም እዞራለሁ። ቀሚሱን ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ፤ በውስጥ በኩል ክሩ የተንጨባረረ ከሆነ በውጭ ወርቅ ቢሆንም አልነካውም። እጅጌውን ሳብ አደርገዋለሁ፣ ዚፑን ከፍቼ እዘጋዋለሁ፣ ኪሱ የእውነት ኪስ ይሁን የማስመሰያ እጄን ከትቼ አረጋግጣለሁ። ኪስ የሌለው ልብስ ለልጅ መግዛት ምን ይሉታል? የለቀመችውን ጠጠር የት ታድርገው? ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ነገሮች እሻገራለሁ፤ የፀጉር ማስያዣ፣ ዳንቴል ያለው ካልሲ፣ በትከሻ የምትንጠለጠል ሚጢጢ ቦርሳ። ከቀሚሱ ጋር የሚሄደውን ካልሲ ሳገኝ እንደ ሕፃን ነው የምፈነጥዘው። እንደሱ የሚያስደስተኝ ነገር እዚህ አገር የለኝም፤ ይህ ከአንቺም የተደበቀ አይደለም።

ሻጯን ሳቂታ ነው የምላት፣ ጥርሷ አይከደንም። አንድ ቀን ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ አምስት ስላት የያዝኩትን ቀሚስ አየች፣ እኔን አየች፣ ይሄማ የአሥር ዓመት ልጅ ልብስ ነው አለችኝ። ልጄ ቀጭን ናት ብዬ ዘጋኋት። የልጄን ዕድሜ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም እማዬ። ስለያት ወገቤ ጋ ነበር የምትደርሰው፤ ልብስ ስመርጥ እጄ አሁንም እዚያው ወገቤ ጋ ይቆማል። ልብሱን ለሷ ስልክልሽ ደግሞ አንድም ቀን ጠበባት፣ አጠራት ብለሽኝ አታውቂም። ምን ብዬ ልጠርጥር?

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ባለፈው ወር አሠሪዬ ወንድ ልጅ ወለደች። አንቺ ልብስ ታውቂያለሽ ብላ ለጨቅላው የሚሆን እንድገዛ የላከችኝ እኔን ነው። ለሱ ትንንሽ ኮፍያና ካልሲ ገዛሁ፤ በዚያው ለልጄ ለፌንጣ ብጫ ቀሚስ ገዛሁ፣ ሁለት ኪስ ያለው። ሳቂታ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ወረቀት ጠቅልላ በአንድ ዓይነት ሪባን አሰረችልኝ። በመንገዴ ላይ ዕቃ አድራሹ ጋ ጎራ ብዬ አንዱን ሰጠሁና ቤት ገባሁ። አሠሪዬ ጥቅሉን እንግዶች ፊት ስትፈታው ብጫ ቀሚስ ብቅ አለ። አማቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ወንድ ነው ብላችሁኝ አልነበር እንዴ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሠሪዬም ሳቀች፣ እግዜር ይስጣት። በማግሥቱ ለልጁ ሌላ ገዛሁለትና ነገሩ አለቀ።

ለኔ ግን ገና መሳቂያ ነበረኝ። ፌንጣ ቀሚስ ስትጠብቅ ለአውራ ጣቷ እንኳ የማይበቃ ካልሲ ስታገኝ እየታየኝ ሰሃን ሳጥብ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሆን ብዬም ሳልነግርሽ ቆየሁ። ዕቃው እንደደረሰ ስሰማ ደወልኩልሽ፤ ቀድመሽ እንድትስቂብኝ ፈልጌ፣ ልብሱ እንዴት ነው ብቻ አልኩሽ።

ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ቀሚሱ ተለክቶ የተሰፋላት ነው የሚመስለው አልሽኝ። ለብሳው ዞር ዞር አለች፣ አላወልቅም ብላ ለብሳው ተኛች አልሽኝ። ጎረቤት ሁሉ ከየት የመጣ ነው አለ አልሽኝ።

እማዬ፣ እዚያ ውስጥ ቀሚስ አልነበረም።

ምን ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁት አላውቅም። ጨቅላው ሲያለቅስ እየሰማሁ ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ አሠሪዬ ራሷ ተነሥታ አነሣችው። አንቺ እኮ ስኳር ልሼ አልላስኩም ስላልኩ አፌን ያሸተትሽ ሴት ነሽ! ውሸት ከአንቺ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። መጀመሪያ በልቤ የመጣውን ሐሳብ እዚህ አልጽፈውም። አንቺም እናት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይመጣብኝ የጀመረው። ስደውል ትምህርት ቤት ናት፤ ስደውል ተኝታለች፤ ስደውል ጓደኛዋ ጋ ናት። ፎቶ ስልሽ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል። ድምፅዋን የምሰማው እሷው ስትደውል ነው፣ ያውም ለአፍታ፣ ያውም በሹክሹክታ። ለምን እንዲህ ታወሪያለሽ ስላት አያቴ እንዳትነቃ ነው ትለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ከደወለች ወር አልፏት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እማዬ፤ እኔ ግን ቀሚስና ካልሲ ሳዛምድ ከረምኩ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። አትቆጪያት፣ ልትደብቅ ብትፈልግም ያን ዕለት አትችልም ነበር። መጀመሪያ እኔ ምን አውቃለሁ አለችኝ። ልጄ አለች ወይስ የለችም፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ ብዬ ስጮኽባት ነው የደነገጠችው። አለች፣ ጤነኛ ናት፣ ይህን አስቀድመሽ ስሚ አለችኝ። ከዚያ ዘረገፈችው። የወገብሽ ሕመም ጠንቶብሽ ከአልጋ መነሣት ሲያቅትሽ፣ መድኃኒቱም ሲበዛ፣ ፌንጣ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ገባች። ሁለት ልጆች ትጠብቃለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እዚያው ታድራለች፣ እሑድ እሑድ አንቺ ጋ ብቅ ትላለች። የኔ ዕቃዎች ደግሞ እንደታሸጉ ቁም ሣጥኑ ላይ ተደርድረዋል። አቧራቸውን ትጠርጊላቸዋለሽ አሉ።

በጣም ተናድጄብሻለሁ። ይህንን ሳልነግርሽ ብቀር ውሸቱ የሁለታችን ይሆናል። የሰው ልጅ የማጥበው የኔ ልጅ የሰው ልጅ እንዳታጥብ ነበር። ከዚህ ሌላ እዚህ ምን አለኝ? ወገቤን አመመኝ ብትይኝ ምን ይጎዳሽ ነበር? ያ ሁሉ ሪባን፣ ያ ሁሉ ዳንቴል ያንቺ መርፌ ይሆን ነበር። የማልገዛ መሰለሽ? በልብስ ቤቱ ፈንታ ልክ እንደዚያው እየፈነጠዝኩ ወደ መድኃኒት ቤት እሄድ ነበር እኮ! አሁን ያንን ሁሉ የገዛሁበትን ደስታ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሳላውቅ የሰው ዕዳ የበላሁ ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊዋ የሰጠችኝን ቁጥር ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። ፌንጣን ብላት እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለችኝ፤ ለካ በቅጽል ስሟ እዚያ የሚያውቃት የለም። ሠራተኛችሁን አልኳት። ያን ቃል ስለ ልጄ በራሴ አፍ ተናገርኩት። ሴትዮዋ ደህና ሰው ትመስላለች፣ ቆይ ልጥራልሽ አለችኝ። የመጣው ድምፅ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም። ወፍሯል፣ ረግቷል። አቤት ስትለኝ ትልቅ ሴት ያነጋገረችኝ መስሎኝ አንቱ ልላት ምንም አልቀረኝም።

እማ መሆኔን ስታውቅ ቀድማ የተናገረችው ስላንቺ ነው። አያቴን እንዳትቆጪያት፣ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ አለችኝ። ለምን ብዬ ጮኽኩባት። ስትደውይ የምትስቂው ስለ ልብስ ስታወሪ ብቻ ነው፣ እሱንም ብንወስድብሽ ምን ይቀርሽ ነበር አለችኝ። ልጅ እናቷን እንዲህ ስትጠብቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስለ ካልሲ ቀለም ስለፈልፍ እናንተ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ እኔን ታስታምሙኝ ነበር።

ሥራው ይከብድሻል ወይ አልኳት። ለምጄዋለሁ አለች። ሴትዮዋ ለልጆቿ ልብስ ስትገዛ እኔን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ዓይን አለሽ ትለኛለች አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ደነገጥኩ፤ የሰው ቤት ሥራውን ለልጁ የሚያወርስ ሰው እንጂ እናት እንዲህ ይሰማታል? ወዲያው ሴትዮዋን አቅርቢልኝ አልኳትና፣ ትምህርት ሲከፈት ልጄ ወደ ትምህርቷ እንደምትመለስ፣ ከወዲሁ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። ለኔ አሠሪም አገሬ እንደምገባ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን አለቀሰች።

ቁም ሣጥኑ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አትፍቻቸው። ለማንም አትስጪ፣ አቧራቸውንም ተያቸው። እኔው ነኝ የምፈታቸው። መድኃኒትሽን አታቋርጪ፤ ለልብስ ሰፊዋ የላክሁት ገንዘብ ለሱ ነው፣ እሷው ትገዛልሻለች። ከእንግዲህ ሲያምሽ አመመኝ ትይኛለሽ። ስቄም ይሁን አልቅሼ እሰማዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት፣ ምን ይሁን እንግዲህ፣ አመሌ ነው፣ ልክሽ አሁን ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። እማ፣ ልብስ እኮ አልቸገረኝም፣ ትተሽው የሄድሽውን ያንቺን ነው የምለብሰው አለችኝ። ቀሚሶቼን? አልኳት። ቀሚሱንም፣ ሹራቡንም፣ ሁሉንም አለች። ከዚያ እንደማፈር ብላ፣ ጫማሽ ግን ጠበበኝ አለችኝ።

ወገብሽን ያጽናልሽ እማዬ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ቂሜን ከልቤ ያውጣልኝ፤ ደጃፍሽ ላይ ቆሜ የምቆጣሽን ያህል ደግሞ ጉልበትሽን ለመሳም ያብቃኝ።

ልጅሽ፣
የፌንጣ እናት