መጋረጃ ያልተሰፋለት ፉርጎ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017፣ መርሳ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ቆርቆሮም እቆርጣለሁ። ዛሬ ልጄ ከድር ከወልዲያ መጥቶ፣ “አባ፣ እኔ ዘንድ ይግቡ። ባቡሮቹን ለጎረቤት ይስጧቸው” አለኝ። መደርደሪያውን የሞሉት ከሚስቴ ከዘይነባ ጋር ከዘይት ቆርቆሮ የሠራናቸው ባቡሮች ናቸው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ለመስኮቱ መጋረጃ ትሰፋለች። “መጋረጃ ያለው ባቡር የት አየሽ?” ስላት፣ “ሴት አይሳፈርም እንዴ?” ትለኝ ነበር፣ አላህ ይዘንላት።

ከድር አንዱን ፉርጎ አንስቶ፣ “የዚህስ መጋረጃ የት አለ?” አለ።

“እናትህ ሳትደርስለት ሞተች።”

ቀስ ብሎ መለሰው። ስለ መሄድም ደግሞ አላነሳብኝም።

ሁለት ዕዳ አለብኝ። ከጎረቤቴ ከሰይድ የተዋስኩትን የቆርቆሮ መቀስ እመልሳለሁ። ለዘይነባ ደግሞ የዚያ ፉርጎ መጋረጃ አለብኝ። መርፌ ይዤ አላውቅም፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ ራሴ እሰፋዋለሁ።