አንድ ኮምፒውተር ለአሥር ደቂቃ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሰፈራችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ
ኮዬ ፈጬ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንደምን ነው? ስብሰባው እንዳያደክምዎ፣ ወንበሩም እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ቤቴ፣ ከአሮጌው ላፕቶፔ በቀር አብሮኝ የሚውል ሳይኖር፣ ደህና ነኝ።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ፣ ማንም በነጻ ለሚጠቀምበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁለት ዓመት ሙሉ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ስጽፍ የኖርኩት ነዋሪ ነኝ። ድራይቨር ኮምፒውተሩና ካርዱ የሚግባቡበት ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ ኬብል ቢሰካም ኮምፒውተሩ ከማንም ጋር አይገናኝም። ሪባን ተቆርጦላቸው በማግስቱ የተቆለፈባቸው የማዕከልዎ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ኔትወርክ አልይዝ ያሉትም ካርዳቸው ይኸው ካርድ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ተቀባይነት እንዲያገኝ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው፣ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሮት፣ ሠርቷል ብሎ ስሙን መጻፍ አለበት። ቀነ ገደቡ ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ካለፈ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ይጣላል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ለመንኩ። ለተደረገልኝ መስተንግዶም ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ማመልከቻዬን በግለሰብ ስም አናስተናግድም ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን መሆኔን በማኅተም አረጋግጦ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት የእርስዎ የመጀመሪያው ነው።

፪. ሥራዬን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች እንዳቀርብ ስላዘዙኝ እጅግ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ሰበብ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። የፊት ለፊቴ ጎረቤት ወይዘሮ መሰለች ቴሌቪዥን ጠጋኝ እመስላቸው ኖሮ የተበላሸ ሪሞት አወጡልኝ። የሞባይል ካርድ የሚሸጥልኝ ባለሱቁ ሙህዲን ጨዋ ሰው መሆኔን ሊመሰክር ፈቀደ፤ ምን እንደምሠራ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ተጠያይቀን አናውቅም። ሦስተኛ የማውቀው ሰው አጣሁ።

፫. ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ላይ ናቸው እየተባልኩ ስምንት ጊዜ ስላመላለሱኝም አመሰግናለሁ። ከዘበኛው ከአቶ ሀይረዲን ጋር ሰላምታ ጀምረናል። በሳምንት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይህን ያለቀልድ ነው የማመሰግንዎ።

ክቡር ሆይ፣ የኔትወርክ ካርድ የሚሞከረው በሁለት ኮምፒውተር ነው። የእኔው ግን አንድ ስለሆነ ራሱ ተጣርቶ ራሱ አቤት ይላል። ሙከራው ሁልጊዜ ይሳካል። እኔ ግን አልደሰትም፤ ብቸኝነት አድክሞኛል፣ ከእሱ የማልሻል እየሆንኩ መጣሁ መሰለኝ።

ከታላቅ አክብሮትና እርስዎ ባስተማሩኝ ትዕግሥት፣
የማዕከልዎ ታማኝ ደጅ ጠኚ፣ ምስክር ያልተገኘለት ነዋሪ፣
ሰይፈሥላሴ ወልደየሱስ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፊርዶስ ደወሉልኝ። ቁጥራቸውን ሳይ ደስታዬ አስነስቶኝ ቆሜ ነው ያነሳሁት። የተፈለግኩት ለካ የእርስዎ ፕሪንተር አላትም ስላለ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ከእኔ በቀር ስላልተገኘ ነው። በግለሰብነቴ ቅር አላላቸውም፤ ምስክርም አልጠየቁኝም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፔንና ኬብሌን ይዤ እደርሳለሁ። ፕሪንተሩን የማየው ግን ከአሥር ደቂቃዬ በኋላ ነው።