ጭረት አይሳደድም

የካቲት 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ከመወልወያ ክፍሉ መስኮት ሥር

ለመዶሻ ጣቷ የልጅ ልጄ፣ ለቁንጫዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይዝለቅ። እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? እኔ መነጽሬ ከመጥፋቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ምላሴማ ይባስ ብሎበታል። መስመሮቼ ሽቅብ ሲወጡ ብታዪ አትሳቂ፣ የተንጋደደው ወረቀቱ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ እሷ ናት፣ "እኔ ልጻፍልዎት" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እሷ ከጻፈችው የራሷ ሰላምታ ብቻ ሁለት ገጽ ይበላል። ደግሞም ይህን ነገር በሰው እጅ ማሳለፍ አልፈለግሁም።

የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻሽን ጨርሼዋለሁ። "አባባ፣ ጭረቱ ሙልጭ ብሎ ከወጣ ላክልኝ፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ ግን እዚያው ጣለው፣ ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም" ብለሽኝ ነበር። አንቺ ልጅ! ዕድሜ ልኬን የሆቴል ማንኪያ፣ የበር እጀታ፣ የሰዓት ቀፎ፣ የጡሩምባ አፍ ስወለውል ኖሬ እንዲህ ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። ሰው ሁሉ "በተቻለዎት መጠን" ነው የሚለው። ያንቺ ወይ ሁሉን ወይ ምንም ነው። ይህ ግትርነት በማን በኩል እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አባትሽም አሁን ከሥራ ገብቶ በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማኛል።

ያንን ጠዋት እንደ አዲስ ላነሳብሽ አይደለም፤ ግን ሳላነሳው ወደ ነገሬ መግባት አልችልም። ማጫወቻውን ትምህርት ስትጨርሺ ገዝቶ የሰጠሽ አባትሽ ራሱ ነው። ሻንጣሽን ዘግተሽ ስትቆሚ "እኔ ሳልፈቅድ የትም አትሄጂም" አለሽ። አንቺም እያየሽው ማዳመጫውን ጆሮሽ ውስጥ ሰካሽ። ማጫወቻውን ከእጅሽ መንጭቆ ወረወረው። በሲሚንቶው ላይ ተንሸራትቶ ሲሄድ ያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያመኛል። ሳታነሺው ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ለእኔ ትጽፊያለሽ፣ ስሙን አታነሺም። እሱም "ደህና ናት?" ብሎ አያውቅም። "ፖስተኛው መጣ እንዴ?" ይላል፤ እስክመልስለት ድረስ ግን ከበሩ ንቅንቅ አይልም። አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ መክፈትም ትቷል። ተሳፋሪ "ሹፌር፣ ምነው ትንሽ ሙዚቃ?" ሲለው "ተበላሽቷል" ነው መልሱ። አልተበላሸም። እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ ከፍቼ ሞክሬዋለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ማጫወቻው በመሐረብ ተጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መነጽሬ ስለሌለ በጥፍሬ ነው ያነበብኩት። ጥፍሬን በብረት ጀርባው ላይ ከዳር ወደ ዳር ስጎትት ጭረቱ ቀጭ አድርጎ ያዘኝ፤ ጥልቅ ነው። ትንሽ አለፍ ስል ግን ጭረቱ ጠፋና ጣቴ ወደ ታች ሰመጠ። ጎድጓዳ! አንድ ሰው እጁን አስገብቶበታል። አፍንጫዬን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋሁ፤ የጥርስ ሳሙና ይሸታል።

አንቺ ከእግሬ ሥር እየተጫወትሽ ስላደግሽ ይህን ሳልነግርሽ አልቀረሁም፤ ግን ልድገመው። ጭረት አይሳደድም። ጭረቱን ብቻ እየተከተልሽ ብታሺው እሱ ይጠፋል፣ ቦታው ግን ይሰረጉዳል፤ ኋላ እንደ መስታወት ሲያበራ ፊት ያጣምማል። ጭረት በደንብ የሚወጣው ሜዳው፣ ማለትም የብረቱ ገጽ፣ በሙሉ እስከ ጭረቱ ወለል ሲወርድ ነው። ምንም ያልነካው ደህናው ቦታ ሳይቀር አብሮ ይታሻል፣ አብሮ ይሳሳል። ሌላ መንገድ የለውም።

ይህን የማያውቅ ወልዋይ የለም። ጨርሶ ሙያውን የማያውቅ ሰው ደግሞ በሳሙና አሽቶ አሽቶ ይተወው ነበር። ይኸኛው ግን ሳሙናው እምቢ ሲለው ብርጭቆ ወረቀቶቼን ከሻካራው ወደ ልስልሱ በተራቸው ቀያይሯል፤ በቀየረ ቁጥርም የእጁን አቅጣጫ አዙሯል። ይህን በልጅነቱ ከእኔ አይቶታል ማለት ነው። ሜዳውን ማውረድ ግን አላየም፤ ያን ጊዜ ከበሩ ወጥቶ መኪና ሊያይ ሮጧል። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ የወልዋይ ልጅ ሆኖ ወልዋይ ያልሆነ ሰው ብቻ ነው። አምና የጥርስ ሳሙና በላይ በላዩ ሲያልቅብን "ምነው፣ ጥርስ አበቀልክ እንዴ?" እያልኩ ስቀልድበት የነበረው ሰው ትዝ አለኝ።

ጠራሁት።

"ና እስቲ፣ ዓይን አበድረኝ።"

"ተራዬ ደርሷል፣ አባዬ።"

"አውቶቡሱ ካላንተ የት ይሄዳል? ና መብራቱን ያዝልኝ።"

መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ማጫወቻውን ሲያይ ትንፋሹ ተለወጠ።

"ይሄ ጎድጓዳ ምንድን ነው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ! አይጥ ይሆናል።"

"አይጥ? በጥርስ ሳሙና?"

መብራቱን ወደ ማጫወቻው አስጠጋ።

"ይወጣል?" አለኝ።

"ጭረቱ ይወጣል።"

"ጎድጓዳውስ?"

"ምን ጨነቀህ? አይጡ ዘመድህ ነው?"

አልሳቀም። እኔም በመናገሬ ትንሽ ቆጨኝ።

"አይጡ ምስኪን ነው፣ አባዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ያበላሸውን አስተካክላለሁ ብሎ ይሆናል። አልቻለም፤ በብልሽት ላይ ብልሽት ጨመረበት። እሷ ይህን ብታይ 'ማስተካከል እንኳ አይችልም' ትላለች። ሁለቱንም አውጣው። ማን እንደነካውም እንዳትጽፍላት። ማልልኝ።"

ማልኩለት። ከአይጥ በቀር ማንንም ላልጠቅስ በሙያዬ ማልኩለት። ይኸው እንደምታዪው መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ በጉዳዩ የጻፍኩልሽ ስለ አይጥ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከሥራው በፊት ይመጣል፤ እኔ አሻለሁ፣ እሱ ያያል። "ቀረ?" እለዋለሁ። "ቀረ" ይላል። "አሁንስ?" "ቀጥኗል።" ሌላ ወሬ የለንም። አንድ ቤት እየኖርን እንዲህ ተጠጋግተን ከተቀመጥን ስንት ዘመናችን! አንዴ ጣቴ ሲዝል አይቶ "አምጣው፣ እኔ ልሞክር" አለኝ። ሰጠሁት። "ሜዳውን በሙሉ፣ ጭረቱን ብቻ አይደለም" አልኩት። "ደህናውንም?" አለ። "ደህናውንም" አልኩት። ለረጅም ጊዜ ሲያሽ ቆየ፤ ብረቱና ወረቀቱ ሲነጋገሩ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

በመጨረሻ ቅባቱን ቀብቼ በጨርቁ መንኮራኩር ላይ አዞርኩት። ሲወርድ እጅ ያቃጥል ነበር። እሱ በሸሚዙ ጠረገውና ወደ መስኮቱ ወሰደው።

"ምን ታያለህ?" አልኩት።

ወደ ብርሃኑ አዘነበለውና፣ "አባዬ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትኩት?" አለኝ።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። ካየሁህ ቆየሁ።"

መነጽሬ ስለጠፋ ማለቴ ነበር። እሱ ግን ተመልሶ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሥራው እስኪረፍድበት ድረስም አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ጭረቱ ወጥቷል። ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቼ አስመርምሬዋለሁ፤ መርፌ በጨለማ የምታገኝ ሴት ናት፣ አንዲት ሰበዝ የምታህል ጭረት አላገኘችም። "እዚህች ጋ ግን አፍንጫዬን አሰፋብኝ" ብላ ተቆጣች። ጎድጓዳው ናት። ለአይጡ "ብረቱ ስስ ነው፣ ከዚህ በላይ ከገፋነው ይበሳል" ብዬዋለሁ። ትንሽ እውነት አለበት። የቀረውን እውነት ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ያንቺ ትእዛዝ ስለ ጭረት እንጂ ስለ ጎድጓዳ አልነበረም፤ ስለዚህ ሥራውን አላጓደልኩም፣ ልትመልሺብኝም አትችዪም።

የጥቅሉን አድራሻ አባትሽ ነው የጻፈው፤ የእኔ ጽሕፈት ፖስታ ቤቱን ያሳብዳል ብዬው። ያንቺን ፖስታ ላቀብለው እጄን ወደ መሳቢያው ስሰድ "ተወው" አለኝ። የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ያንን ምላስ የሚያስር የሰፈርሽን ስም ሳይቀር፣ ከየትም ሳያይ በቃሉ ጻፈው።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ማጫወቻው ሲደርስሽ መስታወት እንዳገኘች ልጃገረድ አትቸኩዪ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጀርባውን ዳብሺው፤ እኔ የምሠራው እንደዚያ ነው። ጎድጓዳውን ስታገኚ ያንን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የሳቅሁበትን፣ አጭሩን፣ ሰፊውን፣ መዶሻ አውራ ጣትሽን አስገቢበት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ የእኔ ቀጭን ነው፣ አልሞላውም። በዚህ ቤት ሌላ መዶሻ ጣት ያለው ማን እንደሆነ መቼም መሐላዬ አያስጽፈኝም።

የረገጥሽው መሬት ይመችሽ። እጅሽ የነካው ይቅናሽ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ ደግ ይሁን። ክፉ ሲያልፍ አያግኝሽ፣ ደግ ሲያልፍ አይለፍሽ። እንደ እኔ አርጅተሽ ወጣቶችን የምታናድጂ ያድርግሽ።

የሚወድሽና የሚያሾፍብሽ
አያትሽ፣ ሽማግሌው ወልዋይ

እንዳይረሳ፦ ጣትሽ ከሞላው መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። መነጽሬ የሚገኝ አይመስለኝም። ፖስተኛው ሲመጣ በሩ ላይ ለሚቆመው ጻፊለት፤ እሱ ጮክ ብሎ ያነብልኛል።