ከ«ኤም» ያልወጣንበት ክረምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማሪየን፤
ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዮርክሻየር ዝናብ በቀር የሚያማርረን የለም።

የእሁድ ምሳችን እንደ ድሮው ነው። ጎረቤታችን ኦግደን ዛሬም ሳይጠራ ይመጣል። ሳህኑ ሲነሳ የአባትሽ የፊደል ጨዋታ ይቀጥላል። መቼም አትረሺውም፤ በሰጠን የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር ቃል ጠርተን እንፈታለን፤ እሱም ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ «ዘር ማንዘሩን ቁጠሩ!» ይላል። «ሜርሲ» ብሎ ምሕረትን የጠራ ሰው መሐሪንና ምሕረት የለሽን ካላስከተለ ጣፋጭ አይቀርብለትም። ዘንድሮ «ኤም» ተስማምቶት ነው መሰለኝ፣ ከመከር ወዲህ ወደ ሌላ ፊደል አልተሻገርንም። ኦግደን «አንተ ሰው፣ የቀሩትን ፊደሎች ሸጥካቸው እንዴ?» ብሎ ሲተርበው አባትሽም አብሮ ሳቀ።

ባለፈው እሁድ ሆን ብዬ «ሙን ማለት የዓሣ መረብ ነው» አልኩት። ጨረቃ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ማንኪያውን እስኪያነሳ ጠበቅሁት።

«ትክክል ነዎት፣ እመቤቴ» አለኝ።

ኦግደን መሳቅ ጀምሮ ተወው። እኔም ጣፋጩን አቀረብኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ለመጪው ሐምሌ ያሰባችሁትን ጉዞ ወደ ገና ብታመጡት ደስ ይለናል። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ደግሞ ስትደውዪ፣ መስመሩ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መጀመሪያ «ማሪየን ነኝ፣ ልጅህ» በዪው።

ናፋቂሽ እናትሽ ዊኒፍሬድ