ሳላነብ አልፈርምም

ውድ አባዬ፣

ይሄን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ሳቅ ይጥልሃል። ትናንት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። አትደንግጥ፣ ሥራዬም መንጃ ፈቃዴም በእጄ ነው!

የራስህን ነገር ታውቀዋለህ። ሰላሳ ዓመት የጭነት መኪና ስትነዳ፣ ፖሊስ እጁን ካነሳ አለቀልህ፤ ሳትጠየቅ ነው የምትናዘዘው። አንዴማ ሰውዬው «የኋላ በርህ ተከፍቷል» ሊልህ ነበር የመጣው። ገና አፉን ሳይከፍት «ፍሬቻ ረስቻለሁ፣ ትንሽም ሳልፈጥን አልቀረሁም ጌታዬ» ብለህ ቁጭ! እኔና እማዬ ጋቢና ውስጥ አፋችንን ይዘን ቀረን።

እኔም ያው ያንተው ልጅ ነኝ። የዳቦ ቤቱን መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም፣ ገና በሙከራ ላይ ነኝ። አንድ ክስ ከተመዘገበብኝ ቁልፉን አስረክቤ ወደ ቤት። ትራፊኩ መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብሎ «ስልክ እያወራሽ ነበር አይደል?» ሲለኝ፣ «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ልታመልጥ ትንሽ ነበር የቀራት። ዋጥኳት። መንዳት ያስተማረን ሰውዬ «በራሳችሁ ላይ እንድትመሰክሩ ማንም አያስገድዳችሁም፤ ያላነበባችሁት ላይም አትፈርሙ» ያለን ትዝ አለኝ።

«መንጃ ፈቃዴ ይኸው፣ ሊብሬውም ይኸው ጌታዬ» አልኩት። «ለጥያቄው ግን መልስ አልሰጥም፤ መብቴ ነው።»

«ጠበቃ ነሽ እንዴ?»

«አይ፣ ዳቦ አከፋፋይ ነኝ።»

ወረቀት ሞልቶ «ፈርሚ» አለኝ። «መጀመሪያ ላንብበው» አልኩ። ከኋላዬ የመኪናው ጥሩምባ ይጮሃል፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። «ስልክ ስታወራ እንደነበር አምናለች» አይልም መሰለህ!

«ይሄን አላልኩም። አልፈርምም።»

ይሄኔ ጠና ያለች ፖሊስ፣ ባልደረባው፣ መጣችና ወደ ውስጥ አየች። አጠገቤ ወንበር ላይ ግማሹ የተገመጠ ዳቦ ተቀምጧል። ስልኬማ ዳቦ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ወደ ዳቦው እየጠቆመች «ስልኩ ይኼ ነው?» አትለውም! እሱም ሳቁ አመለጠው፤ ወረቀቱን ቀደደው። «እየነዳሽ አትብዪ፣ ደግሞ ታንቀሽ እንዳትቀሪ» ብላ ሸኘችኝ።

እየዘፈንኩ ነዳሁ አባዬ። የሚቀጥለው መብራት ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ዘፈኑ ቆመ። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የገበያውን አጥር ገጭተሃል ተብለህ መንጃ ፈቃድህን ለአንድ ዓመት ተነጠቅክ። «አንተ ነህ ወይ የገጨኸው?» ስልህ «ፈርሜያለሁ እኮ ልጄ» ነበር ያልከኝ። እኔም አመንኩ፤ «አባቴ አጥር ገጪው» እያልኩ በየዘመድ ቤቱ አሳቅኩብህ። «ገጭቻለሁ» ግን አንድም ቀን ብለኸኝ አታውቅም። ይቅር በለኝ፣ አባዬ።

እሁድ እመጣለሁ። ያኔ እንደገና እጠይቅሃለሁ። ቸኩለህ እንዳታምን! አለመመለስም መብትህ ነው። ከመለስክልኝ ግን፣ አሁን የምሰማው ፊርማህን ሳይሆን አንተን ነው።

የዳቦ ሾፌሯ ልጅህ